ያልደረቀ ቀለም

ሐረር ሸዋ በር ላይ የሴት መዋቢያ የሚሸጥ ሰው የማያየው ጉድ የለም። ተናኘወርቅ እንደሻው በአራት ዓመት የሱቅ ሥራዋ ብዙ አይታለች፤ ለሚስቱ ሽቶ ሊገዛ መጥቶ ሚስቱ የምትወደውን የማያውቅ ባል በየቀኑ ነው የሚመጣው። ወንድ ልጅ የጥፍር ቀለም በገዛ ጣቱ ላይ እየቀባ፣ ከሱቁ ወጥቶ በፀሐይ እያየ ሲያማርጥ ግን ያን ቅዳሜ ገና ማየቷ ነበር።

ሰውየው ረዘም ቀጠን ያለ ነው። የኮቱ እጅጌ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። አራት ዓይነት ሰማያዊ በአራት ጣቱ ቀብቶ ተራ በተራ ያያቸዋል፤ ለመወሰን ግን የተቸገረ ይመስላል።

«መልኳን ንገረኝና እኔ ልምረጥልህ» አለችው። «ጠይም ናት ቀይ?»

«ማን?»

«እጮኛህ ናታ።»

«እጮኛ የለኝም» አለ። «ለመኪና ነው።»

ከደረት ኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ፈታው። ከጣት የማትበልጥ የብረት መኪና ናት፤ ዝቅ ያለች የእሽቅድምድም መኪና፣ ግማሽ ጎኗ ሰማያዊ፣ ግማሽ ጎኗ ራቁቱን የቀረ ብረት። ሰውየው የያዛት ጫጩት እንደያዘ ሰው ነበርና ተናኘ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ስሙ ዘላለም ነው፤ ከደሴ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር። በጅጅጋ በኩል በሚመጣው የሳልባጅ ክምር ውስጥ ከልብስና ከጫማው ጋር የሰው አገር ልጆች የጠገቧቸው መጫወቻዎች ይገኛሉ። እሱ የእሽቅድምድም መኪኖቹን ብቻ ይለቅማል። ሆዳቸው ሥር ያለችውን የምስማር ራስ በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ አካላቸውን ከወለላቸው ይለያል። የድሮውን ቀለም አራግፎ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ እንደገና ይቀባል፤ ጎማ ይቀይራል፣ ቁጥር ይጽፋል። እስካሁን ስልሳ ሦስት ደርሰውለታል። የበርና የመስኮት ቀለም ለእንዲህ ያለ ዕቃ ይወፍራል፤ የጥፍር ቀለም ግን ስስ ሆኖ ይደርቃል፣ ብሩሹም ከነክዳኑ ነው። ይህን ሁሉ እርስዎ እያለ አስረዳት።

«አቦ እርስዎ አትበለኝ» አለችው። «አያቴን አስመሰልከኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀይ ሊገዛ መጣ። በሚቀጥለው ነጭ። ከዚያ አሴቶን፣ ከዚያ እንደገና ሰማያዊ። አንድ ጠርሙስ ለአሥር መኪና እንደሚበቃ የነገራት ራሱ ስለነበር፣ በሰባተኛው ቅዳሜ ተናኘ ቀለሙን ይጠጣው እንደሆነ ጠየቀችው። ዘላለም ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ አንድም የፊዚክስ ሕግ አልመጣለትም። የሊፕስቲክ መደርደሪያዋን ሲያይ ቆየ።

«ቀለሙ አላለቀም» አለ በመጨረሻ።

ተናኘ የያዘችውን ጠርሙስ ወደ ቦታው መለሰችው።

«እንግዲያው ሳትገዛ ና» አለችው።

ሳይገዛ መጣ። ዓመት ሙሉ መጣ። ሱቋን ስትዘጋ በሸዋ በር ገብተው በጀጎል ቀጫጭን መንገዶች እስከ ፈረስ መጋላ ይሄዳሉ፤ እሱ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ መኪና አለው፣ የዕለቱን አውጥቶ ያስተዋውቃታል። ብዙም ሳይቆይ የእሷ እጅ ከእሱ እጅ የረጋ መሆኑ ታወቀ። በመኪኖቹ ጎን ላይ ክር የሚያህለውን መስመር የምትስበው እሷ ሆነች። ዘላለም ትንፋሹን ውጦ ያያታል፤ መስመሩ ካለቀ በኋላም ማየቱን አያቆምም።

አንድ አመል ነበረው። የተንጋደደ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። የሱቋን ሰሌዳ እንኳ ሁለት ጊዜ ወንበር ላይ ወጥቶ አቃንቶላታል። ተናኘ ይህን አመሉን ትወደው ነበር፤ ጣጣውን ያመጣባቸውም ይኸው አመል ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ። የሚላክባቸው ሰው፣ የተናኘ አባት ጋሽ እንደሻው፣ ሐረርን በፔዦ ታክሲ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። ሚስታቸው የሺ ካረፈች አሥር ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ካልጠየቋቸው ብዙም አይናገሩም። ብፌያቸው ላይ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንዲት ነጭ የብረት ፔዦ መጫወቻ ትቀመጣለች፤ ልክ እሳቸው የነዱት ዓይነት። የኋላ ጎማዎቿ ወልቀው ጠፍተዋልና በሆዷ ከተኛች ቆይታለች። ተናኘ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የአባቷን ልብ ላለስልስ ብላ፣ ሁዳዴው ሊፈታ አንድ ሳምንት ሲቀረው መኪናዋን ወስዳ ለዘላለም ሰጠችው። ጎማዋን ብቻ እንዲሠራላት ነገረችው።

ጎማውን በአንድ ከሰዓት ሠራው። ከዚያ ዓይኑ በሯ ላይ አረፈ። በቀይ የጥፍር ቀለም ሃያ ሰባት ቁጥር ተጽፎበታል። ሁለቱ አብጧል፤ የሰባቱ እግር ደግሞ ቁልቁል መውረዱን ትቶ ወደ ኋላው ጎማ ተጎትቶ ጭራ አውጥቷል። አንድ ሕፃን የሞነጫጨረው መሰለው። እንዲህ ሆና ለወደፊት አማቱ እንድትመለስ አልፈለገም። አሴቶኑ ከተናኘ ሱቅ የተገዛው ነው፤ በጥጥ ነክቶ ሁለት ጊዜ ሲያብሰው ቁጥሩ የለም። ከዚያማ ማን ያቁመው። የድሮውን ቀለም አራገፈ፣ ሦስት ጊዜ ነጭ ቀባ፣ በማስመሪያ ለክቶ ቀጥ ያለ ሃያ ሰባት ጻፈባት።

በቅዳሜ ሹር ሱቋ ድረስ ይዞላት መጣ። ተናኘ መሐረቡን ፈታች። ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ።

«ቁጥሩስ?» አለች።

«አስተካከልኩት።» ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። «ሰባቱ ተንጋዶ ስለነበር...» ዓይኗን ሲያይ አቆመ።

«እናቴ ናት የጻፈችው።»

ውጭ የሚኒባሱ ረዳት ድሬ፣ ድሬ እያለ ይጣራል። ዘላለም ጥጡን አስታወሰ፤ ቀዩ ቀለም የነካው ጥጥ ከቆሻሻ ጋር ከተደፋ አራት ቀን ሆኖታል። ተናኘ መኪናዋን መልሳ ጠቀለለች፣ ገበያው በጦፈበት የበዓል ዋዜማ ሱቋን ዘግታ ሄደች።

ሌላ ልጅ ብትሆን ጠፋች ብላ ትገላገል ነበር። ተናኘ በፋሲካ ማግስት መኪናዋን አባቷ ፊት አስቀምጣ ያለውን እንዳለ ነገረቻቸው። ቁጥሩ ምን እንደሆነ ለዘላለም አስቀድማ አለመንገሯንም አልደበቀችም። እቤታቸው የታወቀ ነገር ስለሆነ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው መስሏት ነበር።

ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። በሰማንያ አምስት ፋሲካ ሰባት የታክሲ ሹፌሮች ከደንገጎ እስከ ሐረር ይወዳደራሉ። መኪኖቹ ሰባት ብቻ ሆነው ሳለ የሺ ለባሏ ሃያ ሰባት ቁጥርን ትመርጣለች፤ መድኃኔዓለም እንዲጠብቀው። መነሻው ላይ ቆማ በትልቋ ነጭ ፔዦ በር ላይ በገዛ እጇ በቀይ ቀለም ትጽፍለታለች። እሱ ግን ቸኩሎ ቀለሙ ሳይደርቅ ሞተር ያስነሳል፤ ሰባቱ በነፋስ ወደ ኋላ ይፈሳል። ያ ሁሉ ችኮላ አራተኛ ነው ያወጣው። የሺ በዚህ ዕድሜ ልኳን ስትስቅበት ኖረች። መጫወቻዋን ፔዦ ከገበያ ያገኘች ቀንም በጥፍር ቀለሟ ያንኑ ቁጥር ከነጭራው ጻፈችባት።

ጋሽ እንደሻው መኪናዋን አገላብጠው አዩ። አዲሶቹን ጎማዎች በጣታቸው አሽከረከሩ። ከዚያ መለሱላት።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሽማግሌ ሊልክ ነው አይደል? ንገሪው፣ እንዳይልክ። ቢመጡም አላስቀምጣቸውም፤ ቆመው ይመለሳሉ።»

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ የሚጀምረው ቆሞ ነው። ባለቤቱ ተቀመጡ ካለ ልጁን ሰጠ ባይባልም ነገሩ ፈር ያዘ ይባላል። ቆሞ የተመለሰ ሽማግሌ ግን ያንን ደጅ ደግሞ ለመርገጥ ፊት የለውም።

«አባዬ» አለች ተናኘ፣ «ከእሱ ሌላ አላገባም። ያለ አንተ ምርቃትም አላገባም።»

«ሁለቱ አብረው አይሄዱም።»

«እንዲሄዱ አደርጋለሁ።»

ቀና ብለው አዩዋት። እንዲህ ስትል አገጯን የምታነሣው እንደ እናቷ ነው። ያንን ማየት ከበዳቸውና ተነሥተው ወጡ።

ለዘላለምም ቢሆን አልቀለለለትም። ሦስት ቅዳሜ መጥቶ ከሱቋ ማዶ ጥላ ሥር ቆመ፤ ሦስቱንም አላየሁህም አለችው። በአራተኛው ጠራችው። እሱ መላ ይዞ ነበር። የቁጥሩን ቅርጽ አንድም ሳይቀር ያስታውሰዋል፤ ያንኑ ቀይ ገዝቶ፣ ጭራውን ሳይቀር አስመስሎ ሊጽፈው ይችላል።

«የእናቴን እጅ አታስመስል» አለችው። «እሱን ካደረግክ ያን ጊዜ ነው የምጠላህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ተናኘ ይህን ስታስብ ነበር የከረመችው። አባቷ ትልቋን ፔዦ የሸጡት እናቷ በታመመችበት ዓመት ነው፤ የገዟቸው ከሐረር ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ የሚኖሩ አብዱልፈታ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ከውድድሩ ወዲህ መኪናዋ ላይ ቀለም ተደርቦባታል፤ ቁጥሩን ግን ፋቅኩት ያለ ሰው ሰምታ አታውቅም። ከሥር መኖር አለበት።

«ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ» አለች። «ግን ቀለም ማንሣት ታውቃለህ። አንሣ።»

ዘላለም በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ድሬ ጠያራ ሄደ። ፔዦዋ አብዱልፈታ ግቢ፣ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ያለ ጎማ ተቀምጣለች። አረንጓዴ ተቀብታለች። ወንበሯ ላይ ሁለት ዶሮዎች ተኝተዋል።

«ልትገዛት ነው?» አሉት አብዱልፈታ።

«በሯን ልፈትግ ነው።»

«ሱብሓነላህ። በር ለመፈተግ ከሐረር ድረስ?»

ሳይደብቅ ሁሉንም ነገራቸው። አብዱልፈታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰው ለሚስት ብሎ ብዙ ሲሆን አይተዋል፣ እንዲህ ሲሆን ግን አላዩም። ልጃቸውን ሂክማን ጠርተው ውሃ በባልዲ አስመጡለት።

አሴቶን ይዞ አልመጣም። አሴቶን የቱ ጋ ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ ይህን በገዛ እጁ ተምሯል። የያዘው በጣም የላመ የብርጭቆ ወረቀት ነው። እያራሰ፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ፣ በቀስታ ይፈትጋል። የሹፌሩን በር ጀመረ፤ ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ መሆኑን ተናኘ ነግራዋለች። ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ ሌላ ቅዳሜ ሙሉ ቀን። እጁ ተላጠ፤ ሰኞ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ተማሪዎቹ ምን ነካህ አሉት። በሦስተኛው ቅዳሜ ከአረንጓዴው ሥር ቀይ ነጥብ ወጣች።

ዙሪያዋን ፈተገ፤ ቀይ ነው። ወደ ላይ ሄደ፤ ቀይ። ወደ ጎን ሄደ፤ እዚያም ቀይ። የአስር ሶላት ሲጣራ በሩ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኗል፤ ነጭም ቁጥርም የለም።

አብዱልፈታ ከእርሻ ሲመለሱ ቀይ በርና ባልዲ አጠገብ የተቀመጠ መምህር አገኙ።

«ያቺ በር?» አሉ። «ያቺማ የሌላ መኪና ናት። መንገድ የገባ በሬ ልሸሽ ስል ዛፍ ገጭቼ ነው የቀየርኳት። አፉ በለኝ፣ ወላሂ ረስቼው ነው።»

«የድሮዋስ?»

አብዱልፈታ ሂክማን አዩ። ሂክማ በአገጯ ወደ ጓሮ አመለከተች። የድሮዋ በር የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆናለች።

ዶሮዎቹ የሂክማ ናቸውና ሂክማ በነፃ አልሰጥም አለች፤ ጅብ ቢፈጃቸው ማን ሊተካላት ነው? ዘላለም ሦስት ቅዳሜ የለፋበትን ቀይ በር ከመኪናዋ ፈትቶ ለዶሮ ቤቱ ገጠመላት። በአካባቢው እንደዚያ የተወለወለ በር ያለው የዶሮ ቤት የለም።

የድሮዋን በር ብቻውን ሊነካት ፈራ። ለተናኘ ደወለላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ሱቋን ዘግታ መጣች።

በሯን ማንጎው ሥር አጋድመው ኩሷን አጠቡ። የታችኛው ጠርዝ በዝገት ተበልቷል፤ ሁለቱም አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ዘላለም አረንጓዴውን አነሣ። ከሥሩ የታክሲው ሰማያዊ ብቅ ሲል ወረቀቱን ሰጣት።

«ከዚህ በኋላ የአንቺ እጅ ይሻላል» አላት።

እሷ ፈተገች፣ እሱ ውሃ አፈሰሰ። ጥላው ከራሳቸው ላይ አልፎ ሄደ። ሰማያዊው እየሳሳ ሲሄድ ከሥሩ አንድ ቀይ ክር መጣ። ወደ ኋላ የተጎተተ ቀጭን ክር ነው። ተናኘ እጇ ቆመ። ከዚያ ክሩን ተከትላ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ወደ ላይ ወጣች፤ ክሩ ወፍሮ ሰባት ሆነ። የሁለቱን ግማሽ ዝገት በልቶታል። ሰባቱ ግን ከነጭራው ሙሉ ነው።

እርጥብ መዳፏን በላዩ አድርጋ አለቀሰች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም፤ ናፍቃት ነበር። ዘላለም አጠገቧ ተንበረከከ።

«አሁን ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው፣ በሩን እያየች።

እሱ ዝገቱን አየ። ብርጭቆ ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ጠርዙ ሰነዘረ፤ ወዲያው እጁን ሰብስቦ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ተናኘ ከእንባዋ ጋር ሳቀች። ሳቋን ከሰማ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

በማግስቱ እሑድ ሽማግሌ ተላከ። አንደኛው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አቶ ጌታነህ ናቸው፣ ሁለተኛው የሠፈሩ ሰው አቶ ሙሉጌታ። በሥርዓቱ ጠያቂው ራሱ አይገባምና ዘላለም ውጭ ባጃጅ ውስጥ ቀረ። ሽማግሌዎቹ በአንሶላ የተጠቀለለውን የመኪና በር ለሁለት ተሸክመው ገቡ።

ጋሽ እንደሻው በረንዳው ላይ ወጥተው ቆሙ። ሰላምታ መለሱ። ተቀመጡ አላሉም።

አቶ ጌታነህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ተቃንተው፣ ለትልቅ ጉዳይ እንደመጡ፣ ከጉዳዩ በፊት ግን የሚያስረክቡት ዕቃ እንዳለ ተናገሩ። አንሶላውን ገለጡት።

ጋሽ እንደሻው በሩ አጠገብ ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ። ጣታቸውን ሰባቱ ላይ አድርገው ጭራውን ተከትለው ቀጥኖ እስከሚጠፋበት ሄዱ። ተመልሰው እንደገና ሄዱ። በቁጥሩ ዙሪያ የቀረውን ሰማያዊም ነኩት።

«ሰማያዊውን የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ። የሚናገሩት ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ታክሲ ሰማያዊ ይሁን ሲባል፣ በገዛ እጄ። አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። ምንም አላለችኝም።»

ተናኘ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማቻቸው። ታሪኩን መቶ ጊዜ ስትሰማ ይህንን ነግረዋት አያውቁም።

አቶ ጌታነህ ክብደታቸውን ወደ ደህናው ጉልበታቸው አዞሩ። ጋሽ እንደሻው ተነሡ፣ ቤት ገቡ፣ ሁለት ወንበር ራሳቸው ተሸክመው ወጡ።

«ቁጭ በሉ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጋሽ እንደሻው ወደ ውጭው በር አዩና ልጁ የት እንዳለ ጠየቁ። አቶ ሙሉጌታ ሥርዓቱ ስለማይፈቅድ ውጭ መቅረቱን አስረዱ።

«ሥርዓቱን አውቀዋለሁ» አሉ ጋሽ እንደሻው። «እኔ ያጠፋሁትን ያወጣልኝን ሰው ግን ፀሐይ ላይ አላቆምም። ጥሩት።»

ሰርጉ በጥር ነበር። ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ እንደሻው ትንሿን ፔዦ ከብፌው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ዘላለም በማስመሪያ የጻፈውን ቁጥር ቀደም ብሎ አንሥቶታል፤ በሯ ባዶ ነው። ትልቁ በር ግድግዳው ላይ፣ ከየሺ ፎቶ አጠገብ፣ ከነዝገቱ ተሰቅሏል።

ተናኘ ከሱቋ ቀይ አምጥታለች። ዘላለም መኪናዋን ያዘላት፣ እሷ ጻፈች። የእናቷን እጅ አላስመሰለችም፤ ሁለቱ የራሷ ሁለት ነው። የሰባቱ እግር ጫፍ ላይ ስትደርስ ወፍራም ጠብታ ተንጠለጠለች። ዘላለም እንደ ልማዱ መኪናዋን በጥንቃቄ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሊወስዳት ተነሣ።

ጋሽ እንደሻው ክንዱን ያዙት።

«ወዴት?»

«እስኪደርቅ ነው ጋሼ። ቢያንስ አንድ ቀን...»

«ሳይደርቅ ንዳት።»

ዘላለም ተናኘን አየ። ተናኘ የጠረጴዛው ሌላው ጫፍ ሄዳ እጇን ዘረጋች። መኪናዋን አስቀምጦ ገፋት። እሱ በሠራቸው ጎማዎች ላይ ጠረጴዛውን አቋርጣ መዳፏ ውስጥ ገባች። ሰባቱ ላይ የነበረችው ጠብታ ትንሽ ወደ ኋላ ተጎትታለች። ማንም አላስተካከላትም።